«የለችም» የተባለችው ካርታ

ለታላቄም ለእናቴ ምትክም ለእትዬ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ቸገረኝ ያልሽው ዓይንሽስ እንዴት ሆነ? የአባባ ጉልበት የሱቁን ደረጃ ይወጣል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ያቺ ፔዳሏ የሚንጫጫው የስፌት መኪናችንስ? እኔ ክንዴን የካውያው እንፋሎት አልፎ አልፎ ከመላሱ በቀር ደህና ነኝ። የሆቴል አንሶላ መቼም አያልቅም፤ ቀን ስተኩስ ውዬ በሕልሜም አንሶላ ሳጥፍ ነው የማድረው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አባባ ሱቁን ሊያስረክቡ ማሰባቸውን፣ ቁልፉን ግን ለእኔ ሊሰጡ እንድመለስ መፈለጋቸውን ጽፈሽልኛል። «እሷ እንኳን ሱቅ ካርታም አልጠበቀች» ያሉትን ቀልድ አስመስለሽ አልፈሽዋል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ያንን ሱቅ በጀርባሽ አዝለሽ፣ ዛሬም በዚያች በጠፋች የመጫወቻ ካርታ ትወቀሺ?

እስቲ መጀመሪያ እዚህ የሆነውን ልንገርሽ። በምሳ ሰዓት ሠራተኛው ማድረቂያዎቹ ጀርባ ተሰብስቦ ካርታ ይጫወታል። ከየአገሩ የተለቃቀምን ነን፤ የምንግባባው ግማሹን በእጅ ምልክት ነው። ባለፈው ሳምንት ጠጋ ብዬ ሳይ፣ ትልቋ አጣቢ ካርታውን ከመበወዟ በፊት የቀይ ልብ ሰባትን መዝዛ ኪሷ ከተተች። ከዚያ በቁጥር ተራ ሲያወርዱ ቆይተው የቀይ ልብ ስድስት ስትወርድ፣ ሁሉም ጠረጴዛውን እየደበደቡ «የለችም!» ብለው ጮኹ። በእኛው ቋንቋ፣ እትዬ! የያዝኩት የትራስ ልብስ ከእጄ ወደቀ።

ትርጉሙን አንዳቸውም አያውቁትም። አጣቢዋ እንዳለችኝ «የለችም» ጨዋታውን የፈጠረች የአንዲት ብልህ ንግሥት ስም ነው። ከማን ተማርሽው ብላት ከመርከብ ወጥ ሠሪ አለችኝ፤ እሱ ደግሞ ወደብ ላይ ጭነት ይጠብቅ ከነበረ ባለወርቅ ጥርስ ሾፌር። ያ የጓሮ ክፍላችንን ተከራይቶ የነበረው፣ በተሸነፈ ቁጥር «ጥርሴን ላሲዝ» የሚለው ሾፌራችን ነዋ! ንግሥት ሳትሆን ልብስ ሰፊ እህቴ ናት ስላቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ በማግስቱ ግን ወንበር ለቀቁልኝ።

እውነቴን ነው፣ ያንቺ ጭንቅላት ይገርመኛል። የሱቁ ቁልፍም ካርታው የሚቀመጥበት መሳቢያም ባንቺ እጅ ነበሩና የቀይ ልብ ሰባቷ ስትጠፋ ቁጣው ሁሉ የወረደው አንቺ ላይ ነው። አባባ ቁልፉን ቀምተውሽ ወገባቸው ላይ አሰሩት። በጎደለ ካርታ ማን ይጫወታል ብለን ስናኮርፍ፣ አንቺ ጉድለቱን ራሱን ጨዋታ አደረግሽው። ስድስቷ ስትወርድ ቀድሞ «የለችም» ያለ የወረደውን ሁሉ ይሰብስብ አልሽ። አባባ እንኳ ኩርፊያቸውን ረስተው ገቡበት። የተሰደብሽበት ነገር ይኸው ባሕር ተሻግሮ የደከመውን ሰው ሁሉ ያስቃል።

አሁን በሆዴ የከረመውን ላውጣው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ካርታዋን የወሰድኳት እኔ ነኝ። አባባን አንድ ቀን እንኳ ላሸንፍ ብዬ እጅጌዬ ውስጥ ሸጎጥኳት፤ ቁጣው ሲመጣ ፈርቼ ዝም አልኩ። ቀን በጨመረ ቁጥር መናገሩ ይበልጥ ከበደኝ። ወደዚህ ስመጣም ጃኬቴ ገበር ውስጥ ሰፍቼ ይዣት መጣሁ፤ ስፌቱን ያስተማርሽኝም አንቺው ነሽ። አፈርኩ፣ እትዬ፤ ይቅር በይኝ።

ሱቁ ያንቺ ነው። ለቁልፉ ብዬ አልመጣም። ይህን ደብዳቤ ለአባባ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ኩርኩሙን ስመጣ እቀበላለሁ።

ባለቤትሽን በርታ በይልኝ። ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ትንሿን ደግሞ በጨዋታ እንዳታጭበረብር ምከሪያት፣ አጎቷን እንዳትወጣ። የስፌት መኪናዋን ስለ እኔ ዘይት አጠጫት። ለአባባ ናፍቆቴንና ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ቁልፉን ከወገባቸው ለመፍታት ካቅማሙ ግን፣ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ያለችውን አውጥተሽ ፊታቸው አስቀምጪና «አለች» በያቸው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለው ክፍሌ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን