ለአባባ ማንበቢያ ወይስ ለእኔ ታብሌት

ሮቤ፣ ዓርብ መስከረም 3/2006፣ ማታ 1 ሰዓት

ከጎባ አሁን ገባሁ። ጫማዬ ጭቃ ብቻ። ሚኒባሱ ውስጥ አሥራ ስምንት ሰውና አንድ በግ። ምዕራፍ ሰባትን ለአባባ ጨረስኩላቸው፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። ደብተሬ፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ከቀን ሁሉ ዓርብን እወዳለሁ። ከጁምዓ በኋላ እሳቸው ፍራሹ ላይ፣ እኔ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ። አነባለሁ፣ ያዳምጣሉ።

የባለቤቴ አባት ናቸው። ሠላሳ ዓመት የፍ/ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው፤ ከወረቀት ተለይተው አያውቁም። አሁን ዓይናቸው ደከመ። የአንዱ ሞራ ተገፍፏል፣ ሌላው ጭጋግ ነው። አጉሊ መነጽር ገዛንላቸው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥና ፊደሉ አብሮ ይጨፍራል። ስለዚህ እኔ።

ስማቸውን እዚህም አልጽፍም። እኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ለጉ ነው፣ ክልክል። ሃያ ሁለት ዓመት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ታዲያ አሁን የያዝነው ልብ ወለድ ጉድ አመጣ። ዋናው ሰው፣ ያ መንገድ ቀያሽ፣ ስሙ ቁርጥ የአባባ ስም! በየገጹ አለ። ምን ላድርግ፣ "ሰውዬው" እያልኩ አልፋለሁ። ሰውዬው ተነሣ። ሰውዬው ቁርሱን በላ። አባባ ዛሬ ደራሲውን አሙት፦ ሰባት ምዕራፍ ሙሉ ለሰውዬው አንድ ስም ማውጣት ያቃተው፣ እንዲህ ያለ ሰነፍ ጸሐፊ በእሳቸው ጊዜ ቢሮ ደጃፍ አይደርስም ነበር አሉ። ሣቄን በሻርፔ ጫፍ ያዝኩት።

እሑድ መስከ. 5፣ ጠዋት

ኑሪ ከዱባይ ደወለ! የባለቤቴ ታናሽ ወንድም። ለዐረፋ ይመጣል። ሻንጣው ሞልቷል፣ ለአንድ ዕቃ ብቻ ቦታ አለ፤ ስጦታ ነው፣ ምረጪ አለኝ። ወይ ታብሌት፣ ወይ ማንበቢያ። ማንበቢያው እሱም ማሽን ነው፣ ግን መጽሐፍ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ፊደሉ ይተልቃል፣ ለአባባ ይሆናል። ታብሌቱ ሁሉን ነገር ነው፤ ፎቶ፣ ፊልም፣ ኢንተርኔት። እስከ መስከረም 18 ቁርጡን ንገሪኝ አለ።

እኔማ ወዲያው ታብሌት አልኩ፣ በሆዴ። የሙሽራ ቀሚስ ሞዴል ማያ እኮ ነው! ደንበኞቼ እንደ ፊልሟ ሴትዮ አድርገሽ ስፊልኝ ይላሉ፣ የትኛዋ ስላቸው በእጃቸው አየር ላይ ይሥላሉ። ታብሌቱን ከስፌት መኪናው ጎን አቁሜ ታየኝ። እኔ ዘሀራ፣ ዘመናዊ። ባለቤቴን ጠየቅሁት፤ ከጊኒር ጭነት ይዞ መግባቱ ነው፣ ግማሹ ተኝቷል። አንድ ቀን እንኳ ለራስሽ ብትወስጂ ሰማይ አይወድቅም ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ግን የአባባ ዓይን። ግን ሞዴሉ። ግን የአባባ ዓይን።

ማክሰ. መስከ. 7

ሰላማዊትን አማከርኩ። ግቢያችን የተከራየች የዩኒ. አስተማሪ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ቀጭን፣ ሻይ ወዳጅ። ማንበቢያ አላት! አልጋዋ ላይ ነበር፣ ስንት ጊዜ አይቼው የሒሳብ ማሽን መስሎኝ። ታብሌቱን ከባልደረባዋ ትዋሳለች። እትዬ፣ ሳይሞክሩ አይመርጡም አለችኝ፣ ልክ እኔ ደንበኛ ልብስ ሳታስለካ አትሄድም እንደምለው።

አማርኛ ጽፋ ከተተችበት። ወይ ጉድ! ፊደል የለም። ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ በእሑድ እንደተዘጋ የሱቅ ረድፍ። ማሽኑ የእኛን ፊደል አያውቅም። እኔ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ደስ አለኝ። አበቃ፣ ታብሌት ነው ብዬ።

ሐሙስ 9

አላበቃም። ይቺ ልጅ እልኸኛ ናት። ትናንት መጽሐፉን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ ምዕራፍ ስምንትን ገጽ በገጽ በስካነር አስነሣች። ማሽኑ ፊደል ባያውቅም ሥዕል ያውቃል፤ ገጹ እንደ ሥዕል ገባ። መጀመሪያ ፊደሉ ጤፍ አከለ። ወደ ጎን አጋደመችው፤ ባቄላ አከለ። ብርሃን የለውም፣ አያብረቀርቅም፣ ቁርጥ ወረቀት። መብራት ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠፍቷል፤ ታብሌቱ ማታውኑ ሞተ፣ ጀነሬተር ያለው ሱቅ ወስደን ሞላነው። ማንበቢያው ግን ምንም አላለም። ካስሞላችው ሁለት ሳምንቱ ነው አለች።

ነገ ሁለቱንም ይዤ ጎባ።

ዓርብ 10፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል

እየሣቅኩ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ታብሌቱን ሰጠኋቸው። (አዳላሁ፣ አዎ።) መስኮቱ ሥር ነበሩ። አገላበጡት፣ ዓይናቸው አለቀሰ፣ ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ። ምን ይታይዎታል አልኳቸው። "አንድ ሽማግሌ ይታየኛል፤ እሱም እኔን እያየ ነው።" መስታወት ሆኖባቸዋል።

ከዚያ ማንበቢያው። ጭናቸው ላይ ትራስ፣ ትራሱ ላይ እሱ። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም እሱ አልተነቃነቀም። ጣታቸውን አስከተሉ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ደብተሬ፣ ከአራት ዓመት ወዲህ እኒህ ሰው በራሳቸው ሲያነቡ አላየሁም።

ድንገት ጣታቸው ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና። ከዚያ የራሳቸውን ስም ጮክ ብለው አነበቡ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ወለሉ ላይ ብዙ የሚታይ ነገር አለ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣" አሉ፣ "ይህን ሁሉ ጊዜ ምስኪን ደራሲ አሳማሽኝ።"

ለጉ ነዋ አልኳቸው። ሣቁ። እስኪያስላቸው ሣቁ፣ ውኃ ሰጠሁ፣ ውኃውንም ሣቁበት። ለደራሲው ነፍስ ይቅርታ እንጠይቃለን አሉ፤ በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም እንጂ።

ከዚያ ወደ ንባባቸው ተመለሱ። ተመለሱና ቀሩ።

ቅዳ. 11

ዛሬ ከፋኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽና አትፍረጂብኝ። ትናንት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ አንድ መስመር አላነበብኩም። ረሱኝ። ማንበቢያውን እዚያው ትቼላቸው ስወጣ እጃቸውን ብቻ አነሡ።

12ኛ ክፍልን ጨርሼ ወዲያው ነው ያገባሁት። መጽሐፍ ከሳጥናቸው እያወጡ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ አራስ ቤት ተኝቼ እንኳ በልጅ እጅ ይልኩልኝ ነበር። ዓርብ የኔ ናት። ራሳቸው ካነበቡ እኔ ጎባ ምን ልሠራ ነው? ጨውና ስኳር ላደርስ?

ለኑሪ "ታብሌት" ብዬ መልእክት ጻፍኩ። አልላክሁትም። ያለፈው እሑድ ብልከው ለሞዴሉ ነበር። ዛሬ ብልከው ለቅናት ነው። ልዩነቱን አውቀዋለሁ፣ ማወቄ ነው ያናደደኝ። አጠፋሁት። አንድ እጅጌ ሁለቴ ገልብጬ ሰፋሁ፣ ፈታሁ።

ረቡዕ 15

ሰላማዊት ማንበቢያዋን ትፈልጋለች፤ ነገር ግን እስከ ዓርብ አባባ ጋ ይቆይ አለች። እንዴት ያለች ልጅ ናት! ጎኑ ጠብቦ ያስቸገራትን ጃኬቷን በነጻ አሰፋሁላት።

ዓርብ 17፣ ማታ

መስቀል ስለሆነ ጎባ ሰው ብቻ። ሚኒባስ ጠፋ፣ ግማሽ መንገድ በጋሪ። ደረስኩ። አባባ ጠብቀውኛል፤ ፊታቸው ቆፍጠን ብሏል፣ እንደ ችሎት ቀን። ለካ ባለቤቴ ሰኞ በጎባ ሲያልፍ የምርጫውን ነገር ነግሯቸዋል። ሞዴሉንም፣ የሙሽራ ቀሚሱንም።

ታብሌቱን ውሰጂ አሉኝ። የሥራ ዕቃ ነው፣ ልጆችሽን ያበላል፤ እኔ የማነብበት ቀን ጥቂት ነው፣ የአንቺ ስፌት ብዙ። አስበው ጨርሰውታል። እኔም እሺ ልል አፌን ከፍቻለሁ፣ ከምር። ከዚያ ዝም ብዬ ጠየቅኳቸው፤ በሳምንቱ ምን ያህል አነበቡ?

አሥራ አንድ ገጽ። በቀን ሁለት ገጽ፣ አንድ ቀን አንዷን። በወጣትነታቸው አንድ ጥራዝ መዝገብ በቀን የሚጨርሱ ሰው። አዘንኩ። እሳቸው ግን እያዘኑ አልነበረም።

"ጥቂት ነው። ግን አሥራ አንዱንም እኔ ነኝ ያነበብኳቸው።"

ይህን ሲሉ ፊታቸውን ብታይው። ልጅ ሱሪውን ራሱ ሲታጠቅ የሚያደርገውን ፊት።

ታዲያ እኔን ምን ያደርጉኛል አልኩ። ወጣብኝ፣ አላሰብኩትም። እንደ ቀልድ ለማስመሰል ሞከርኩ፤ አልሆነም መሰለኝ። ከዚያ ምን አሉ፦ አንቺ ስታነቢ ሌባው እንደ ሌባ ይናገራል፣ አሮጊቷ እንደ አሮጊት፣ ኮሎኔሉ ሲቆጣ ጎረቤት ይሰማል። "እኔ ለብቻዬ ሳነብ ግን ሁሉም እንደ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው የሚናገረው። ኮሎኔሉን ስጪኝ።"

ምዕራፍ ዘጠኝን ሰጠኋቸው! ሙሉውን፣ በድምፅ። ስሙ ጋ ስደርስ እቆማለሁ፣ እሳቸው ይሞሉታል። ቆም፣ ስም። ቆም፣ ስም። በኋላማ እኔ ሳልቆም ቀድመው መጥራት ጀመሩ፣ በተሳሳተ ቦታም ጭምር፣ ሌባውን ሁሉ በስማቸው ጠሩት።

ስወጣ እንደገና፦ ታብሌቱን፣ እሺ? እሺ አባባ አልኩ። እንዲያው ለአፍ ያህል።

ቅዳ. 18፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሱቅ

ወሰንኩ። ለኑሪ ደወልኩ። ማንበቢያው።

እርግጠኛ ነሽ አለኝ ሦስት ጊዜ። ታብሌት ብዙ ነገር ይሠራል፣ ያኛው አንድ ነገር ብቻ ነው አለ። እኔም የምፈልገው አንድ ነገር ነው አልኩት። የሙሽራ ሞዴሉን ደንበኞቼ በየስልካቸው ይዘው ይምጡ፤ አንዴ ካየሁ ዓይኔ ቀድቶ ያስቀምጣል፣ የኔ ዓይን አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። ሰላማዊት የቀሩትን ምዕራፎች ታስነሣልኛለች። ዓርብ ዓርብ ኮሎኔሉ የኔ ነው፣ የተቀሩት ስድስት ቀናት የአባባ። አባባ ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ። አንድ ጊዜ ቃላቸውን ባጥፍ ከቤት አያስወጡኝም።

ቀሎኛል። ከጠዋት ጀምሮ እያንጎራጎርኩ ነው።

ማንበቢያው ደግሞ ራቁቱን አይቀመጥ። ማቀፊያ እሰፋለታለሁ። ከባለቤቴ ኮት የተረፈች ቡናማ ሱፍ አለችኝ፤ ውስጡ ለስላሳ ገበር፣ እንዳይቧጨር። ቁልፍ አይሆንም፣ ለሚንቀጠቀጥ እጅ አስቸጋሪ ነው፤ ዚፕም አይሆንም። ሰፊ ክዳን፣ ዝም ብሎ የሚገባ። ከሰላማዊት ማንበቢያ ልኩን ወስጃለሁ፦ ቁመት 17፣ ወርድ 11 ተኩል፣ ለስፌት ጠርዝ ሁለት ልጨምር፣ ውፍረቱ ደግሞ —

ደንበኛ ገባች።