አባትሽ የሚነሱበት ሰዓት

ልጄ ናዚፋ፣ አላህ ባለሽበት በዶሃ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቡሬ ዝናቡ ቆሟል። ጽሕፈቱ የእህትሽ የዓፊፋ ነው፣ ቃሉ የእኔ።

ለሱቃችን የከፈትሽው የቲክቶክ ገጽ ገበያ አምጥቷል፤ አልክድም። በርበሬያችንን ብለው ከመራዊ ድረስ ይመጣሉ። «ሰው ኑሯችሁንም ማየት ይፈልጋል፤ የሚጠይቀውን ሁሉ መልሱለት» ስትዪን እሺ አልን። አባትሽ እንኳ «ዛሬም ጥርሴን ላሳይ?» እያሉ ካሜራውን ለምደውታል።

ትናንት ግን «ነገ አባባ ከሽንዲ አዲስ በርበሬ ያመጣሉ» ብለሽ ለጠፍሽ። ፎቶ የሌለው ሰው «ስንት ሰዓት ይነሳሉ?» አለሽ። «ከሱብሒ በኋላ፣ በነጩ አይሱዙ» ብለሽ መለስሽ፤ የልብ ምልክትም ጨመርሽበት። ቀጥሎ «ብቻቸውን ናቸው?» አለ። ለዚህ አልመለስሽም፤ ተኝተሽ ይሆናል።

ዓፊፋ ያነበበችልኝ ዛሬ ረፋድ ላይ፣ አባትሽ ከወጡ በኋላ ነው። ስልካቸው አይሠራም። «ኔትወርክ ነው እማ» ትለኛለች፤ መደወሉን ግን አላቋረጠችም። ባለፈው ወር ከዚያው መንገድ የተወሰደው ነጋዴ እስካሁን ቤቱ አልገባም።

አልቆጣሽም፤ ለእኛው ብለሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የጻፍሽውን አታጥፊው፤ ሰውየው እንዳይጠረጥር። ከሥሩ «አባባ አሟቸው ቀርተዋል፣ መኪናውም አልወጣም» ብለሽ መልሺለት። እንዳትዋሺ ብዬ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ፤ ወንጀሉ በእኔ ይሁን። ይህን እንዳየሽ ጻፊ፣ ልጄ። አላህ ሁላችሁንም ቤታችሁ ያግባልኝ።

እናትሽ