ስምንት ጊዜ የቆመች መኪና

ይድረስ ለልጄ ለአማኑ፣

የአራዳው ጊዮርጊስ በሄድክበት ሁሉ ይከተልህ፤ ብርዱ እንዴት ያደርግሃል? እኛ ደህና ነን፤ እህትህ ሐሴት ግን ልትገድለኝ ነው።

አሥራ ስምንት ሞላኝ ብላ መንጃ ፈቃድ አወጣችና የአባትህን አሮጌ መኪና ብቻዋን ይዛ መውጣት ጀመረች። አንተም «ተያት እማዬ» ትለኛለህ፤ ሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው! ባለፈው ቅዳሜ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች። ስደውል «ደህና ነኝ» ትለኛለች፤ ደግሜ እደውላለሁ። በስምንተኛው አላነሳችም። በነጠላ ጫማ ቁልቁል ሮጬ ስደርስ ትራፊክ ፖሊስ ክስ እየጻፈላት ነው።

«ምን አጠፋሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«እየነዳሁ ስልክ አላነሳም፣ እማዬ። በደወልሽ ቁጥር ዳር ይዤ ቆምኩልሽ፤ እዚህ ግን መቆም ክልክል ነው» አለችኝ።

ፖሊሱ ሳቁን ዋጠው። እኔ ተናድጄ ከጎኗ ገባሁና ዓይኔን ጨፍኜ ቤት ደረስኩ። አነዳዷስ ጥሩ ነው፤ እንዳትነግራት!

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በእኛ ሦስት ሰዓት ትወጣለች። ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ዓይንህን ያሳየኝ። እባክህ ልጄ፣ በዚያ ሰዓት ለእኔ ደውልና እስክትመለስ አውራኝ፤ እሷ ጋ እንዳልደውል።

እናትህ ተናኘወርቅ