ቀኝ እጁ ይጠብቃል

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ዛሬ አሥራ አንድ መነጽር ተቀበልኩ፤ እያንዳንዱን ፖስታ ውስጥ ከትቼ ጉዳቱን ላዩ ላይ ጻፍኩ። አንዱን ውሻ አኝኮታል። አንዷን ደንበኛ “ግራ እጁ ተሰብሯል” ብላት ክው አለች፤ ባሏ መስሏት። ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ዘንግ “እጅ” የምንለው እኛ ሱቅ ብቻ ነው ለካ።

ከሰዓት ጠጋኙ ከውስጥ ጠራኝ። ሌላ ከተማ ወዳለው አዲሱ ቅርንጫፍ ተመድቧል። ቤት ይሰጡታል። ካቻቢቴውን እንደያዘ፣ ቀና ሳይል፣ “ለአንድ ሰው ልበል ለሁለት?” አለኝ። ሁለተኛው ማነው ልለው ስል ጆሮው ቀልቶ አየሁ... ገባኝ።

ልጸልይበት አልኩ። እጠብቃለሁ አለ፤ ግን መልሱን እስከ ዓርብ ሳምንት ይፈልጉታል።

አራት ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ምን ነካው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ጌታ ሆይ፣ አዎ ወይስ አይ? አንድ ቃል እኮ ነው።

ዓይኔን ጨፍኜ መጽሐፍ ቅዱሴን ከፈትኩ። ጣቴ ያረፈው የድንኳን መጋረጃ ርዝመት ላይ። ደገምኩ። ስለ ለምጽ። ሦስተኛውን ፈርቼ ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ከጌታ ጋር ተስማማን። ማለት... እኔ ተስማማሁ። የዛሬው የመጀመሪያ ደንበኛ ኮፍያ ካደረገ አዎ፣ ካላደረገ አይ።

ሰውየው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። አሁን ይሄ ምን ይባላል? ያደርገው ይሆናል ብዬ ዓይን ዓይኑን ሳየው ምነው እህቴ አለኝ። ብርድ ነው፣ ያድርጉት እንጂ አልኩ። ላብ በላብ ሆኛለሁ አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ምሳ አልበላ ስላልኩ አክስቴ አፋጠጠችኝ። ነገርኳት።

“እግዚአብሔርን ጠየቅሽ፣ ጥሩ። ሰውየውንስ ምን ጠየቅሽው?” አለች።

ምን ልጠይቀው? ብላት፣ እኔን ነው እንዴ የሚያገባው ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

አልገባትም። ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ሳልጸልይ ዘልዬ እሺ ብያለሁ። ላጤ ነኝ ያለኝ ሰውዬ ባለትዳር ሆኖ ተገኘ። ስድስት ወር አለቀስኩ። አሁንም ፈርቻለሁ። ጸሎት ላይ ነኝ እላለሁ እንጂ ፍርሃት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ምሳ በልቼ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ፖስታ። ፖስታ ላይ የምጽፈው ሁልጊዜ እኔ ነኝ፤ እሱ ጽፎ አያውቅም። ዛሬ ግን በእሱ ጽሑፍ፣ “ቀኝ እጁ ይጠብቃል።”

እንባዬ መጣ። የጌታ ቀኝ እጅ! ይጠብቃል! ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ? ፖስታውን እንደያዝኩ ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

“ለሁለት በል” አልኩት።

ፊቱ በራ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ምልክቴ ይሄው ብዬ ፖስታውን ስሰጠው ግን ሳቁ ጠፋ። ፖስታውን መዳፉ ላይ ገለበጠው። መነጽር ወጣ።

“አንቺ ምሳ ላይ ሳለሽ አንድ አባት ጥለውት ሄዱ። ቀኝ እጁ አልታጠፍ ብሎ ነው።”

“ይጠብቃል ያልከው...”

“ብሎኑን ነው። በብሎን ምክንያት እንድታገቢኝ አልፈልግም። አስቢበት።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ላልቶ ሲነበብ ብሎን፣ ጠብቆ ሲነበብ ጌታ! አጻጻፉ ያው። አስተማሪያችን ጠብቆና ላልቶ እያሉ ሲለፉ መስኮት መስኮቱን ሳይ ነበር፤ ይኸው ዋጋዬን አገኘሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

አክስቴ ሰው ሠራሽ ጥርሷ እስኪወልቅ ሳቀች። ጥርሷን መልሳ ከገጠመች በኋላ ግን ጠየቀችኝ።

“ዝም ቢልሽስ ኖሮ?”

“አገባው ነበር።”

“ይህን እያወቀ ነው የነገረሽ?”

“እያወቀ።”

ድስቷን ከደነች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

እሺታዬ እጁ ገብቶለት ነበር። መለሰልኝ። ያኛው አንድ ቀን እንኳ እውነት አልነገረኝም፤ ይሄኛው ሚስት የሚያሳጣውን እውነት ተናገረ።

ቀኑን ሙሉ ይሄንኑ ሳስብ የአንዷን መነጽር ለሌላዋ ሰጠሁ። ደህና ይታየኛል ብላ ይዛ ሄደች። ነገ ትመለሳለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ጠዋት ጸለይኩ። ምልክት አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ አራት ዓመት አስቀምጠህ እኔ ኮፍያ ስቆጥር ነበር፣ ይቅር በለኝ አልኩ። አሁንም ትንሽ እፈራለሁ። ግን ደስ ብሎኛል።

ሱቅ እንደገባሁ ፖስታ አወጣሁ። “ለሁለት ሰው” ብዬ ጻፍኩበትና ከሚጠገኑት ጋር አስቀመጥኩለት።

ከደቂቃ በኋላ ፖስታውን እያራገፈ ወጣ።

“መነጽሩ የታለ?”

“የለውም። አንብበው።”

አነበበ። ገልብጦ ጀርባውንም አየ።

“የማን ብሎን ነው ደግሞ?”

“የማንም አይደለም። እኔ ነኝ ያልኩት።”

ወደ ውስጥ ተመለሰ። እስከ ምሳ ድረስ ብሎን ሲጥል ሦስት ጊዜ ሰማሁ። ብቅ ብዬ ሳየው በቀኝ እጁ ስልኩን ይዞ “አዎ፣ ለሁለት ሰው” ይላል።