ስለ ስድስተኛው ክፍል ካሜራ

ለክቡር ሸሪፍ ድዌይን ማብሪ፣
የኦልድ ሚል አውራጃ ፖሊስ አዛዥና የእስር ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ከነመላው ቤተሰብዎ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ስኳርዎ እንዴት ነው? ይህን በሽታ ከቅርብ ስለማውቀው፣ መድኃኒትዎን በሰዓቱ የሚያቀብልዎ ሰው እንዳይጠፋ ከልብ እመኛለሁ።

ኦዴል ብራንትሊ እባላለሁ። ታናሽ ወንድሜ ዌንደል ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነበር፤ የእርስዎንም ሁለት ልጆች ያመላለሰው እሱ ነው። ባለፈው መጋቢት የትራፊክ ፍርድ ቤቱ መጥሪያ ወደ ቀድሞ ቤቱ ተልኮ ስላልደረሰው፣ ቀጠሮ አሳልፈሃል ተብሎ ታሰረ። በሦስተኛው ቀን አስከሬኑን ተረከብኩ። ስለዚህም የማቀርባቸው ምስጋናዎች አሉኝ።

አንደኛ፦ የዌንደልን የስኳር መድኃኒት፣ ኢንሱሊኑን፣ ይዤ እስር ቤቱ ደጃፍ ስደርስ፣ ተረኛው መኮንን «እማማ፣ ከውጭ መድኃኒት አናስገባም፤ እዚህ ነርስ አለችን፣ አይጨነቁ» ብለው በትህትና ስለመለሱኝ አመሰግናለሁ። ነርሷ የምትመጣው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ መሆኑን ያልነገሩኝ እንዳልጨነቅ አስበው መሆን አለበት። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ሁለተኛ፦ ወንድሜ የታሰረበት የስድስተኛው ክፍል ካሜራ የቀረጸውን እንዳይ በሕጉ መሠረት ባመለክት፣ ከአምስት ወር በኋላ አራት ገጽ መልስ ደረሰኝ። የወንድሜ ስም ሳይቀር ሁሉም በጥቁር ቀለም ተደልዟል፤ የተረፈው «መልካም ቀን ይሁንልዎ» የሚለው ብቻ ነው። ጸሐፊዎ ዘንድ ብደውል «ውይ እናቴ፣ እኔስ ምን ላድርግ! ካሜራው በነዚያ ቀናት አልሠራም ነው የሚሉኝ» አለችኝ። ምስኪን ካሜራ!

ኢንሱሊኑን ይዤ በተመለስኩ ማግስት፣ በዚያው ቅዳሜ ግን፣ ለምርጫ ዘመቻዎ ባዘጋጁት የዓሣ ጥብስ ግብዣ ላይ፣ የፖሊሶችዎ የደረት ካሜራዎች ሁሉ በሙሉ ጤንነት ላይ ነበሩ። ክቡርነትዎ ሽርጥ ታጥቀው አምባዛ ሲያገላብጡ አርባ ደቂቃ ሙሉ በአውራጃው ድረ ገጽ ላይ ተመልክቻለሁ። የዘይቱ መንጣጣት እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሦስተኛ፦ አሁን ነርሷ በየቀኑ እንድትመጣ ማዘዝዎን ሰምቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ፤ ቢሆንም ለሌላው እስረኛ ይጠቅማልና እግዜር ይስጥልኝ።

ምስጋናዬ እዚህ ላይ አለቀ። ክቡርነትዎ፣ አንጀቴ አርሯል። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፦ ወንድሜ መድኃኒቱን ስጡኝ ብሎ ለምኖ ነበር ወይስ አልለመነም? ቢሮዎ «እስረኛው አንድም ጊዜ እርዳታ አልጠየቀም» ብሎ፣ በእርስዎው ፊርማ፣ ጉዳዩን ለያዘችው ዳኛ ጽፏል። እኔ ደግሞ ዌንደልን አውቀዋለሁ፤ ጥርሱን ሲያመው እንኳ ሰፈሩን የሚያስነሳ ሰው ነበር።

ለሥልጣንዎ ባይሆንም ለማስታወስ ችሎታዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ደጅ መጥናት የማይሰለቻት የአውራጃዎ ነዋሪ፣

ኦዴል ብራንትሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አምስተኛው ክፍል ታስሮ የነበረው ክሊተስ ፖርተር ማክሰኞ ተፈቶ ቤቴ መጥቶ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ብቻ ዌንደል «ኢንሱሊን!» እያለ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጣርቷል፤ ክሊተስም በተጣራ ቁጥር ግድግዳው ላይ በማንኪያ እጀታ አንድ አንድ ጭረት ጭሯል። እባክዎ ያንን ግድግዳ ቀለም እንዳያስቀቡት፤ ግድግዳው እንዳይነካ የሚያዘው የዳኛዋ ትዕዛዝ ነገ ጠዋት ይደርስዎታል።