ለስፌት ሁለት ሳንቲ ጨምሪ

ውድ ልጄ፣ ቁልፌ፣

ከዚህ በፊት የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ሳይከፈቱ ተመልሰው መጥተዋል። አክስትሽ እንደነገረችኝ ከሆነ የእጅ ጽሑፌን ስታዪ ፖስታውን ገልብጠሽ ታስቀምጪና «ለላኪው ይመለስ» ትያለሽ። አልፈርድብሽም። ይኸኛውም ያው ነው የሚሆነው ብዬ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

አክስትሽ ሌላም ነገር ነግራኛለች። የምትሠሪበት የልብስ ማጠቢያ ቤት አለቃ የአንሶላውንና የፎጣውን መዝገብ አንቺ ያዢ ብላሽ፣ «እኔ ድንጋይ ራስ ነኝ፣ ቁጥር አይገባኝም» ብለሽ እምቢ አልሽ አሉ። ያቺ ቃል የእኔ ናት። አራት ዓመት ሙሉ ይዘሻት ትዞሪያለሽ ማለት ነው። ስለዚህ ይቅርታ ልለምንሽ ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ ቃሏን ልወስድልሽ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የሒሳብ አስተማሪሽ የነበረው ሰው ሱሪ ሊያስጠብብ መጣ። ያ ረጅሙ፣ «መቃ» ትሉት የነበረው። አሁን ደግሞ ከስቶ ስሙ ይበልጥ ልክ ሆኖለታል። ወገቡን ለክቼ ልኩን ልጽፍ ዞር ስል፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የኮሌታ ልክ የማወጣበትን ወረቀት አንስቶ ያገላብጣል። ይህንን አታውቂም፣ ልንገርሽ። ያ ወረቀት የፈተና ወረቀትሽ ነው። ከሃምሳ አሥራ ዘጠኝ አምጥተሽ የመጣሽ ዕለት ነጥቄሽ፣ ከቤት ስትወጪ በመቀስ የኮሌታ ቅርጽ አወጣሁበት። ንዴቴ ነው። ደህና ወረቀት ስለነበረ ሳልጥለው ቀረሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው አንገቱ ላይ ያደረገው ኮሌታ ሁሉ ከአንቺ ፈተና የወጣ ነው።

መምህሩ ማን እንደሠራው ጠየቀኝ። ያቺ የወደቀችው ልጄ ናት አልኩት። እርሳስ ተውሶኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ጋሼ፣ ማባዛቷ ልክ ነው፣ መደመሯም ልክ ነው» አለኝ። «ግን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ እያንዳንዱ ጎን ላይ ሁለት ሁለት ጨምራበታለች።»

መቀሱ ከእጄ ወደቀ ብልሽ ውሸት ነው፤ መቀስ አልያዝኩም ነበር። ግን እሱ ቆሞ እኔ ቁጭ አልኩ። ከየት እንዳመጣሽው አውቃለሁ።

ትዝ ይልሻል፣ ያን ዓመት የተማሪዎች የደንብ ልብስ ሥራ ተደራርቦብኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት አስቀረሁሽ። ለሰው ልጆች ሸሚዝ ቁልፍ ስትሰፊ ዋልሽ። እጅሽ ፈጣን ነበር፣ «ቁልፌ» የሚለውንም ስም ያወጣሁልሽ በዚያ ነው። ክፍልሽ ደግሞ በዚያው ሦስት ሳምንት ጂኦሜትሪ ተማረ። ፈተናው ሲቀርብ ፈራሽ። እኔ ምን አልኩ? ዕድሜ ልኬን ስፋትና ዙሪያ ስለካ የኖርኩ ሰው ይሄ ይቸግረኛል ወይ አልኩና ጠመኔ አነሳሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ርዝመቱ አሥራ ሁለት፣ ወርዱ ስምንት ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነበር። ዙሪያው ስንት ነው? እኔ ሥዕሉን ሠርቼ ሳልጨርስ አርባ አልሽ። ሳቅኩብሽ።

«ለስፌት ሁለት ሳንቲ ጨምሪ እንጂ! ሲሰፋ ያጥርብሻል።»

አሥራ ሁለቱን አሥራ አራት፣ ስምንቱን አሥር አደረግነው፤ አርባ ስምንት ወጣ። መጽሐፉን ከኋላ ገልጠሽ «አባዬ፣ መልሱ አርባ ነው የሚለው» ስትዪኝ፣ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ሱሪ ሰፍቶ አያውቅም አልኩሽ። ሊለኩ የተቀመጡት ደንበኞች ሳቁ፣ አንቺም ሳቅሽ። ያን ቀን በራሴ ቀልድ ስኩራራ ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ማዕዘኑንም ክቡንም ሁሉንም ለስፌት እየጨመርን ሠራን። አንቺም የመጽሐፉን ጀርባ ዳግመኛ አልገለጥሽም።

ያችው የመጀመሪያዋ ጥያቄ ፈተናው ላይ ቁጥሯ እንኳ ሳይለወጥ ወጥታለች። መምህሩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳና «ይቺን ይዩ» አለኝ። ከአርባ ስምንቱ ሥር ላጲስ በደንብ ያላጠፋው ቁጥር ይታያል። መጀመሪያ አርባ ብለሽ ነበር። ፈተናው መሃል ቁጭ ብለሽ እኔን አስታወስሽና አጠፋሽው። ልጄ፣ በዚህ በኩል ነው አንጀቴ የተቆረጠው።

ከዚያ ወረቀቱን ይዘሽልኝ ስትመጪ በሰው ፊት ድንጋይ ራስ አልኩሽ። ክፍሉን ትድገም ሲሉኝም፣ ምን ያደርግላታል፣ ቁልፏን ትስፋ አልኩ። አላለቀስሽም። ጉልበትሽ ላይ የነበረውን ሸሚዝ ጨርሰሽ፣ ክሩን በጥርስሽ በጥሰሽ ተነሳሽ። በሳምንቱ አክስትሽ ዘንድ ሄድሽ።

አሁን ቢታረምላትስ ብዬ መምህሩን ለመንኩት። የዚያ ዓመት መዝገብ ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤቱ ያንን ወረቀት አይቀበልም አለኝ። ቢቀበል እንኳ ከአሥራ ሁለቱ የጂኦሜትሪ ጥያቄዎች ወረቀቱ ላይ የቀሩት ሰባት ናቸው፤ አምስቱን መቀሴ በልቷቸዋል። በአሥራ ዘጠኙ ላይ የሰባቱን ብቻ ደምሮ ሠላሳ ሦስት አለኝ። ማለፊያው ሃያ አምስት ነበር። ሱሪው መቼ እንደሚደርስለት እንኳ ሳይጠይቅ ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የድሮ መጽሐፍሽን አውጥቼ ጥያቄዎቹን እሠራለሁ። ለምን እንደምሠራቸው አትጠይቂኝ፣ የሚፈትነኝ የለም። ሁለቱን ላለመጨመር እታገላለሁ፤ አእምሮዬ እሺ ቢልም እጄ አልሰማም ብሎ ይጨምራል። ጽፌ አጠፋለሁ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ መተው ያቃተኝን ነገር በልጅነትሽ እንዴት አድርገሽ ትተዪው ነበር?

ትመለሻለሽ ብዬ አልጠብቅም። መቀመጫሽ ላይ ጨርቅ ተከምሮበታል፤ የማነሳበት ምክንያት የለኝም። ይህንንም ደብዳቤ እንደማትከፍቺው አውቃለሁ። ስለዚህ ዋናውን ነገር ውስጡ አልተውኩትም። ፖስታውን ከፊትም ከኋላም፣ በየትኛውም በኩል ብትገለብጪው እንዲታይሽ፣ በማይለቅ ቀለም አድምቄ ጽፌበታለሁ። ፖስተኛው ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም፣ አክስትሽም አይገባትም። አንቺ ሳትከፍቺው መልሺው፤ ብቻ ከመመለስሽ በፊት አንብቢው፦

አርባ ልክ ነበር።

አባትሽ