ኦሪን ይቆጥረው የነበረው

ጃንዋሪ 12፣ እሑድ
ጠዋት በረዶ ጠረግሁ። በስምንት ሰዓት ሦስቱም መጡ፤ ድዋይት፣ ትሩዲ፣ ኤሜት። እንደ ሁልጊዜው ምድር ቤት ወርደን ጠረጴዛውን ከበብን። ወንድሜ ኦሪን ከሞተ ወዲህ ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ... መምራት ከተባለ። ተረቱን እነግራለሁ፣ በጠላቶቹ ፈንታ ዳይስ፣ ባለ ቁጥር ጠጠር፣ እጥላለሁ። እነሱ በፈጠሯቸው ጀግኖች ስም ጎራዴ ይመዛሉ፣ ድግምት ይደግማሉ፤ ሁሉም በቃል ነው።

ውጊያ እስኪጀመር ደህና ነን። ዛሬ ከስድስት ሽፍቶች ጋር አንድ ሰዓት ተኩል! አንዱ እስኪጥል ሌላው ቁጭ። ትሩዲ የምትሠራውን ሹራብ አወጣች።

"ተራዬ ሲደርስ ቀስቅሱኝ።"

ድሮ እኮ ውጊያ ሲሆን ከወንበራችን ተነሥተን ነበር የምንጫወተው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ኦሪን ምን ነበር የሚያደርገው?

ጃንዋሪ 19
የአሸዋ ሰዓት ገዛሁ። አሸዋው ሳያልቅ ያልወሰነ ተራው ያልፈዋል አልኩ። ኤሜት ሲያስብ አለቀበት። አኮረፈ።

"ሥራ ቦታም እንዲህ አያጣድፉኝም፣ እዚህ ደግሞ አንቺ!"

እውነቱን ነው።

ጃንዋሪ 26
ሽፍቶቹን ትቼ አንድ ትልቅ ዘንዶ አመጣሁ። አንድ ለሦስት። ድዋይት ገና በመጀመሪያው ጥሉ የዳይሱን ትልቁን ቁጥር፣ ሃያን አወጣ። ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት ዘንዶ ሊሞትብኝ! ደነገጥኩና ማስታወሻዬን ከምደብቅበት ካርቶን ጀርባ የነፍሱን ነጥብ ጨመርኩለት። ደግሜም ጨመርኩለት። ለካ ድዋይት ያደረሱበትን ጉዳት እየደመረ ነበር... የሂሳብ አስተማሪ አይደል?

"ሎርና፣ ይሄ ዘንዶ ሁለቴ ሞቷል። ቀብሩ መቼ ነው?"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን አፈርኩ።

ትሩዲ ደረጃው ላይ ያዘችኝ። "አትቀየሚኝ። የሚቀጥለውን ወር ልምጣና ላቁም። የምመጣው ላንቺ ብዬ ነው እንጂ..."

እሷ ከቀረች ኤሜትም ይቀራል። ይሄ ጠረጴዛ ከተበተነ ከኦሪን ምን ይቀረኛል?

ጃንዋሪ 28
ናፈቀኝ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ፌብሩዋሪ 5
ኦሪን የጨዋታውን ማስታወሻ ይይዝበት የነበረውን ማኅደር ከፈትኩ። እስከዛሬ አልደፈርኩም ነበር። የጭራቆቹን ነፍስ እንዴት እንደሚያሰላ ልሰርቀው ብዬ።

ቁጥር የሚባል የለም! በየውጊያው ገጽ የኛ ስም ብቻ፤ ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ምልክትና አንድ መስመር። "ትሩዲ፦ ድልድዩን አቃጠለች።" "ኤሜት፦ ለምኖ ጎራዴ አስጣላቸው።" "ሎርና፦ ለድዋይት ስትል ቀስቱ ፊት ቆመች።" አራታችንም ምልክት ስናገኝ ከሥሩ "ሞተ" ወይም "ሸሹ" ይላል። አለቀ።

ጭራቁን አልነበረም የሚቆጥረው። እኛን ነው። አራታችንም ደስ ያለንን አንድ ነገር ስናደርግ ነበር ውጊያው የሚያልቀው። ይሄ ሌባ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲሸውደን! ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ከስማችን ሥር ደግሞ በየገጹ "እኔ" ብሎ ራሱን ጽፏል። ጎኑ ባዶ ነው። አንድም ምልክት አላገኘሁም።

ፌብሩዋሪ 9
ሽፍቶች እንደገና። ዛሬ ግን የሚፈልጉት ነገር ሰጠኋቸው፤ የታመመ አለቃቸውን በጋሪ ሐይቅ ማሻገር። ሐይቁ በረዶ ሠርቷል፣ በረዶው እየተሰነጠቀ ነው። እዚህ በየክረምቱ በረዶ በሠራ ሐይቅ ላይ ሲነዳ መኪናው የሚሰምጥበት ሞኝ ስለማይጠፋ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ድዋይት በረዶውን በመጥረቢያ መታው። ራሱም ገባ! ትሩዲ ሹራቧን ጥላ ተነሣች።

"ቆይ፣ ቆይ! ኤሜት፣ አንተ ገመዱን ያዝልኝ!"

"ተራሽ አይደለም እኮ።"

"ሰውየው እየሰመጠ ስለ ተራ ታወራለህ?"

ትሩዲ ድዋይትን ብቻዋን ጎትታ አወጣችው፤ ኤሜት ገመዱን ትቶ ሮጦ ጋሪውን ገፋላቸው። የሽፍቶቹን ጋሪ! አለቃቸው ተሻገረ፣ ሽፍቶቹም መዋጋት አቆሙ። ወረቀቴ ላይ ሦስት ምልክት። ሃያ አምስት ደቂቃ። ስንት ነፍስ እንደቀራቸው እኔም አላውቅ።

ትሩዲ ቦት ጫማዋን እያሰረች፣ "እሑድ በስምንት ሰዓት ነው አይደል?" አለች። እንደማታውቅ ሁሉ።

ኤሜት ከበር ተመለሰ። "አንቺስ? ደስ አለሽ?"

"አዎ" አልኩት። እውነትም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሲሄዱ ከሦስቱ ስም ሥር "እኔ" ብዬ ጻፍኩና ምልክት አደረግሁ። ኦሪንን "አንተስ?" ብለን ማናችን ጠይቀነው እናውቃለን? እኔ እህቱ እንኳ... አንድ እሑድ?

ማኅደሩን አወጣሁ። የመጨረሻው ገጹ ላይ ከ"እኔ" ጎን ምልክት ላደርግለት እስክሪብቶ አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ደስ ብሎት እንደነበር እኔ በምን አውቃለሁ?